የእማማ ንቅሳት በ16 ቀለም

ኮሞዶር 64 የሚባለው የድሮ ኮምፒውተር ያሉት ቀለሞች 16 ብቻ ናቸው። ከ16ቱ ለእማማ ፊት የሚሆኑት ሦስት ናቸው፤ ቡኒ፣ ብርቱካናማና ፈዘዝ ያለው ቀይ። ጥቁር ሲጨመር አራት። በነዚህ አራት ቀለሞች የአንዲት የጎንደር ባልቴት ፊት፣ ከግንባሯ መስቀል እስከ አንገቷ ንቅሳት፣ ቁልጭ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ግን ማሽኑ ብቻውን አያወጣውም። ብርሃኑን የቱ ጋ እንደሚቆርጠው የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ፊቷን የሚያውቅ መሆን አለበት። ከዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ስታገል የገባኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

እማማ አያቴ ናት። ኮምፒውተሩ ደግሞ የአጎቴ ነው። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ በሻንጣ ይዞት መጣ። እኛ የቤቱ ልጆች ጌም ተጫወትንበት። የካሴት ማጫወቻው ሲበላሽ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እዚያው ብዙ ዓመት ከረመ። ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ግን ለጌም ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን በራሱ አቅም፣ ዘመናዊ ኮምፒውተር ሳያግዘው፣ ፊቱ የተቀመጠን ሰው አንስቶ ማሳየት ይችላል ወይ?

በዘመኑ ይህን የሚያደርጉ መሣሪያዎች ነበሩ። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ዲጂታል ቪዥን የሚባል ድርጅት ለአፕል 2፣ ለኮሞዶር 64 እና ለአታሪ ኮምፒውተሮች «ኮምፒውተርአይስ» የተባለ ሳጥን ይሸጥ ነበር። የቪዲዮ ካሜራ ትሰካበታለህ፣ ምስሉን ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባልሃል። ለማኪንቶሽ ተንደርስካን ነበር። እሱ ካሜራም አያስፈልገው። የፕሪንተሩን የቀለም ሪባን ታወጣና በቦታው ትንሽ የብርሃን ዓይን ታስገባለህ። ፕሪንተሩ ፎቶውን እየጎተተ መስመር በመስመር ያነበዋል። ማተሚያውን ማንበቢያ ማድረግ! ሶፍትዌሩን የጻፈው ከማኪንቶሽ ፈጣሪዎች አንዱ የነበረው አንዲ ኸርትስፌልድ ነው።

አሚጋ ለተባለው ኮምፒውተር ደግሞ ኒውቴክ የሚባል ድርጅት በ1986 ዲጂቪውን አወጣ። ጥቁርና ነጭ ካሜራ ፊት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ያለበት ክብ ይቆማል። ክቡን እያዞርክ ሦስት ጊዜ ታነሳለህ፤ ኮምፒውተሩ ሦስቱን ይደርባቸዋል። አሚጋ 4096 ቀለም ማውጣት ስለሚችል ውጤቱ አፍ የሚያስከፍት ነበር።

እኔ አሚጋ የለኝም። የኔው ኮሞዶር 64 በ1982 ገበያ ላይ የዋለ፣ በዓለም ከ10 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። ጠቅላላ ማስታወሻው 64 ኪሎባይት ነው። ለፎቶ የሚመቸው የስክሪኑ አሠራር ወደ ጎን 160፣ ወደ ታች 200 ነጥብ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ቢት ይበቃዋል፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ሥዕሉ 8000 ባይት ነው። ለቀለሞቹ ሁለት ጊዜ 1000 ባይት ይጨመራል፣ ለመደቡ ቀለም አንድ፣ ማስታወሻው ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ለሚናገረው ቁጥር ሁለት። ኮዋላ በሚባለው ፎርማት አንድ ምስል 10,003 ባይት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ባለ 3 ሜጋባይት የስልክ ፎቶ በሚይዘው ቦታ እንዲህ ያሉ 300 ያህል ምስሎች ይገባሉ።

የቦታው ማነስ አያሳስብም። የሚያስቸግረው የቀለም አከፋፈሉ ነው። ስክሪኑ 1000 ትንንሽ ክፍሎች አሉት፣ 40 ወደ ጎን፣ 25 ወደ ታች። አንዱ ክፍል 4 በ8 ነጥብ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ቀለም በላይ አይገባም። ከአራቱ አንዱ ደግሞ የመላው ስክሪን የጋራ መደብ ስለሆነ በነፃነት የምትመርጠው ሦስት ብቻ ነው። ጉንጭ ከነጠላ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አስቡት። የቆዳው ሦስት ቀለም አለ፣ የነጠላው ነጭና ግራጫ አለ፣ ጥለቱ አለ። ሁሉም እኔ ካልገባሁ ይላሉ።

ወደ ማንሳቱ ልምጣ። ዋናው ሥራ እዚያ ነውና።

የእኛ አገር የድሮው (የአናሎግ) ቴሌቪዥን ስርዓት እንደ ጀርመን ፓል የሚባለው ነው። አንድ ሙሉ ምስል 625 መስመር አለው፤ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይላካል። አንዱ መስመር በ64 ማይክሮሰከንድ ያልቃል፣ ከዚያ ውስጥ የሚታየው 52ቱ ነው። በዚህች ቅጽበት 160 ነጥብ ለማንበብ በሰከንድ 3 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ማንበብ ያስፈልጋል። የኮሞዶር 64 ሰዓት በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ እንኳ አይመታም። አንድ መስመር አልፎ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ 63 ምት ብቻ ነው። ጥቂት ነጥቦችን አንብቦ እስኪያስቀምጥ መስመሩ ያልፋል።

መላው አለመቸኮል ነው። የተቀመጠው ሰው ካልተንቀሳቀሰ ካሜራው በሰከንድ 50 ጊዜ ያንኑ ምስል ነው የሚልከው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መስመር አንዲት ነጥብ ብቻ ማንበብ ይበቃል። በመጀመሪያው ዙር የሁሉንም መስመሮች የግራ ጫፍ፣ በሚቀጥለው ከሱ ቀጥላ ያለችውን፣ እንዲህ እያለ ዓምድ በዓምድ ወደ ቀኝ ይሄዳል። 160 ዓምድ በ50 ሲካፈል 3.2 ሰከንድ ነው። በ3.2 ሰከንድ ሙሉ ምስል ገባ ማለት ነው። ሰውየው መሃል ላይ አንገቱን ካዞረ ግን ፊቱ ወደ ጎን ይለጠጣል ወይም ይጠብባል፤ እንዳዞረበት አቅጣጫ።

ይህን ሐሳብ ይዤ የሄድኩት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሰው ዘንድ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት ከመበየጃ ጋር ነው። ወረቀት ላይ የሣልኩትን አዩት፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ይሠራል ብለው ያስባሉ?»

«መስመሩ መቼ እንደሚጀምር ካወቅን ሌላው ትዕግሥት ነው» አሉኝ።

የመስመሩን መጀመሪያ የምትለይ ኤልኤም1881 የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች፤ እሷን ከአዲስ አበባ አስመጣን። ሌላውን ከተጣሉ ቦርዶች ነቀሉት። መስመሩ ሲጀምር አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) መሞላት ይጀምራል። የሞላው መጠን ኮምፒውተሩ ካዘዘው ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን በዚያች ቅጽበት ያለው ብርሃን ይያዛል። ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚነበበው ዓምድ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የተያዘው መልስ አንድ ቢት ነው፤ «ከወሰኑ በላይ» ወይም «ከወሰኑ በታች»። ወሰኑን የሚያስቀምጠው ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ የድምፅ ቁልፍ ነው። ገመዱ በኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው ዩዘር ፖርት ይሰካል። በማንሳት ላይ እያለ ስክሪኑን ማጥፋት ግድ ነው። ስክሪኑን የሚሥለው ቺፕ በየስምንት መስመሩ ከፕሮሰሰሩ ጊዜ ይነጥቃል፤ ያን ጊዜ ነጥቦች ይዘለላሉ።

አንድ ቢት ማለት ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ግራጫ ከየት ይመጣል? ቁልፉን እየቀየሩ ደጋግሞ በማንሳት። ሦስት ወሰን ላይ ሦስት ጊዜ ማንሳት አራት የብርሃን ደረጃ ይሰጣል፤ አራት ደረጃ ደግሞ ልክ የስክሪኑ 2 ቢት ነው። ይህን ብልሃት እኔ አላመጣሁትም። ራስል ኪርሽ በ1957 አሜሪካ ውስጥ ሲያክ በሚባለው ኮምፒውተር የሦስት ወር ልጁን ፎቶ ሲያስገባ መሣሪያው የሚያውቀው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ምስሉ 176 በ176 ነጥብ ነው። እሱና ባልደረቦቹም ወሰኑን እየቀያየሩ ያነበቡትን በመደረብ ግራጫ ማግኘት ችለዋል። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ፎቶ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ሕፃን ፊት ነው። ፒያሳ ላይ ከድሮ ሬዲዮ በተነቀለ ቁልፍ የምንሠራው ሥራ የዚያ ቀጥተኛ ዘመድ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ካሜራውን ያገኘሁት ከሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ እሱ ወደ አዲሶቹ ከተሻገረ ቆይቷል። እማማን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እማማ፣ እንዳትነቃነቂ እሺ?»

«ቅዳሴ ሙሉ የምቆም ሰው ተቀምጬ ልነቃነቅልህ ነው?»

እውነቷን ነው። እንደሷ የሚቀመጥ ሰው አላየሁም። ትንፋሿ እንኳ ነጠላውን አያንቀሳቅሰውም ነበር።

አሁን ወሰኖቹን የት እናስቀምጥ የሚለው ጥያቄ መጣ። የካሜራው ምልክት (ሲግናል) ከጥቁር እስከ ነጭ 0.7 ቮልት ነው። ጋሼ ቮልቲሜትራቸውን ይዘው አጠገቤ ነበሩ። ማንም መጽሐፍ የሚመክርህ እኩል አከፋፍል ብሎ ነው፤ 0.7ን ለአራት። እንደዚያ ሲሆን የሚመጣው ምስል ይኸውና፤ ነጠላው አንድ ወጥ ነጭ፣ ግድግዳው አንድ ወጥ ግራጫ፣ እማማ ጠቆር ያለ ጥላ። አፍንጫ አለ፣ የዓይን ነጭ አለ፤ ንቅሳቱ የለም። አንገቷን ሙሉ በረድፍ የከበበው፣ በልጅነቷ የተነቀሰችው፣ እኔ ከአራስነቴ ጀምሮ ሳየው ያደግሁት ንቅሳት አንድ መስመሩ እንኳ የለም። ለማሽኑ አንገቷ ባዶ ነው።

ካሜራው ራሱ አንዱ ተጠያቂ ነው። አውቶማቲክ ሲሆን ነጩን ነጠላ ያይና «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ዓይኑን ያጠባል። ነጠላው ይተርፋል፣ ፊቱ ይጨልማል። ስለዚህ መጀመሪያ አውቶማቲኩን አጥፍቶ ብርሃኑን በእጅ መክፈት ነው። ነጠላው ለጊዜው አንድ ወጥ ነጭ ይሁን፤ እሱን በኋላ እናመጣዋለን።

ቀጥሎ ወሰኖቹ። የእማማ ቆዳ ከብርሃኑ ጎንና ከጥላው ጎን፣ ንቅሳቱን ጨምሮ፣ በጠቅላላው የያዘው የምልክቱን የታችኛውን ግማሽ ነው። በንቅሳቱና በቆዳው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ0.1 ቮልት በታች ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ወሰኖች ወደ ፊቷ አወረድናቸው። የታችኛውን በንቅሳቱና በቆዳው መካከል በቀጭኑ ማስገባት ነው። ቁልፉ ፀጉር ታህል ስትዞር መስመሮቹ ይመጣሉ፤ ሌላ ፀጉር ታህል ስትዞር አንገቷ በሙሉ ይጨልማል። ጋሼ በሁለት ጣት ይዘው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዞሩት። ሦስቱም ዙር ካለቀ በኋላ ስክሪኑን መለስኩት። መጀመሪያ ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል ታየ። ከዚያ አገጯ ሥር ያለው ረድፍ፣ ከሱ በታች ያለው፣ ከሱም በታች ያለው። በአራት ደረጃ ብርሃን፣ በ160 ነጥብ ስፋት።

እማማ ተነስታ ቀረብ አለች። ስለ ፊቷ ምንም አላለችም። «ንቅሳቴን አወጣኸው!» ነው ያለችው።

እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ቁልፉን የት እንደምናቆመው ያወቅነው አንገቷ ላይ ንቅሳት እንዳለ ስለምናውቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እኩል ያከፋፈለውን ምስል አይቶ «ጥሩ ወጥቷል» ብሎ ያልፍ ነበር፤ የጎደለ ነገር አይታየውምና። በፎቶ ታሪክም የሆነው ይኸው ነው። በኮዳክ ዘመን ላቦራቶሪዎች የህትመት ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። እሷ ካማረች ማሽኑ ተስተካክሏል ይባላል። ጠቆር ያለ ፊት ለምን ዝርዝሩ እንደሚጠፋ ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅም ነበር። ፊልሙ ራሱ ክፉ ሐሳብ የለውም። ቁልፉን የያዘው ሰው የሚያውቀው ፊት ሌላ ስለነበር ነው። በዘመናዊ ስልክ ውስጥ ይህ ውሳኔ ተሸፍኖ ነው የሚወሰነው። በኔ ጠረጴዛ ላይ ግን ውሳኔው የሚዞር ነገር ነው፤ እጅህ ላይ ነው፤ ስታዞረው የአያትህ አንገት ይመጣል ወይም ይሄዳል። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

ቀለሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራቱን ደረጃዎች የትኞቹ ቀለሞች ይውሰዷቸው? ኮምፒውተር ላይ ያሉ አውቶማቲክ የፎቶ መቀየሪያ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ነጥብ «የሚቀርበውን ቀለም» ይፈልጋሉ። ለእማማ ቆዳ የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ግራጫን ነው። በስሌት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን አመድ የተነፋበት ፊት ነው። እኔ የምሄደው በብርሃን ቅደም ተከተል ነው። የዚህ ኮምፒውተር የኋለኞቹ ሞዴሎች 16ቱን ቀለሞች በዘጠኝ የብርሃን ደረጃ ነው የሚያወጧቸው። ከጥቁር ቀጥሎ ቡኒ አለ፤ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ብርቱካናማ፤ ከዚያም ሁለት ከፍ ብሎ ፈዛዛው ቀይ። እኩል እኩል የሚወጡ ደረጃዎች፣ ሁሉም ሞቅ ያሉ። ይህን ቀለም የመረጡት ሰዎች የጎንደርን ሰው እያሰቡ አልነበረም፤ ግን ደረጃው ለኛ ፊት የተሠራ ይመስላል። ጥቁሩ ለንቅሳት፣ ለቅንድብና ለጥልቁ ጥላ፣ ቡኒው ለጥላው ጎን፣ ብርቱካናማው ለፊቷ፣ ፈዛዛው ቀይ ብርሃን ለያዘው ጉንጭና አፍንጫ።

ነጠላው ቀረ። ሦስቱም ወሰኖች ፊት ላይ ስለዋሉ ለሱ የደረሰው አንድ ወጥ ነጭ ነው። እጥፋቱ፣ ትከሻ ላይ የሚወርድበት መንገድ፣ ሁሉም ጠፍቷል። ስለዚህ ካሜራውን ሳንነካ ወሰኑን ወደ ላይ ወስደን ለነጠላው ብቻ ሌላ ሁለት ዙር አነሳን። ያ ማለት እማማ በጠቅላላው 16 ሰከንድ፣ የቁልፉን ማዞሪያ ጊዜ ሳይጨምር፣ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። ከዚያ ፊት ያለባቸው ክፍሎች ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች፣ ነጠላ ያለባቸው ክፍሎች ከኋለኞቹ ይወስዳሉ። የነጠላዎቹ ክፍሎች ቀለም ነጭ፣ ፈዛዛ ግራጫና መካከለኛ ግራጫ ነው። ድንበር ላይ ያሉትን ግን በእጅ ነው የሠራኋቸው። የሚጠቅም ምክር አለኝ፤ ከማንሳትህ በፊት ካሜራውን በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን እያንቀሳቀስክ የጉንጩ ጠርዝ ከክፍሎቹ መስመር ጋር እንዲገጥም አድርግ። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሠዓሊዎች ይህ ድንበር አያስጨንቃቸውም ነበር። ጣሪያው ላይ ካሉት መላእክት የአንዱን ፊት በስልክ፣ ፍላሽ ሳልጠቀም አንስቼ ለኮሞዶር ቀየርኩት። ምንም ሳልነካካው ከሞላ ጎደል እንዳለ ወጣ። ለምን እንደሆነ ሳስበው ገባኝ። የእያንዳንዱ ነገር ጠርዝ በጥቁር መስመር ተከቧል። መደቡን ጥቁር ካደረግኩት ያ መስመር የጋራው ቀለም ነው፤ ለየትኛውም ክፍል ነፃ ነው። በመስመሩ ወዲህ የፊቱ ቀለም፣ ወዲያ የክንፉ፤ አይጋፉም። ቀለሙም በሰፊው ተለብጦ የተቀመጠ ስለሆነ አራት ደረጃ አይጠይቅም። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች በ160 ነጥብም ያፈጥጡብሃል። የፋሲል ግንብ በተቃራኒው አስቸጋሪ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ዝንጉርጉር ስለሆነ ነጥቦቹ ይቀላቀሉና ጭጋግ ይሆናል። ከሩቅ፣ ሰማዩ ላይ ጥርት ብሎ ሲቆም ብቻ ያምራል። የጥምቀትን ሕዝብ በፋሲል መዋኛ አልመክርም። ሁሉም ነጭ ለብሷል።

አውቶማቲክ መቀየሪያዎቹን ጨርሶ አልጠላም። የሮበርት ፍሎይድና የሉዊስ ስታይንበርግ የ1976 ዘዴ የሚደነቅ ነው። አንድ ነጥብ ትክክለኛ ቀለሙን ካላገኘ ጉድለቱን እንደ እዳ ለጎረቤቶቹ ያካፍላል፤ ለቀኙ 7፣ ከታች ላሉት ሦስቱ 3፣ 5 እና 1፣ ሁሉም ከ16። ከሩቅ ስታየው እዳው ተከፍሎ ያልቃል፤ የሌለ ቀለም ያለ ይመስላል። ለሰማይ፣ ለግድግዳ፣ ለተራራ ግሩም ነው። ለንቅሳት ግን አይሆንም። የእዳው ነጥቦች ከንቅሳቱ ነጥቦች ጋር ይደባለቁና የትኛው መስመር የተነቀሰ፣ የትኛው የስሌት እንደሆነ አይለይም። ፊት ላይ አልጠቀምበትም።

በምን ታየዋለህ የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። ምስሉን ስልክ ላይ ባለ ኢሙሌተር (ኮሞዶርን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም) ስትከፍተው ደረቅ ሸክላ ድርድር ነው። በድሮው፣ ጀርባው በወፈረው ቴሌቪዥን ሌላ ነው። ፓል ቴሌቪዥን የሁለት ተከታታይ መስመሮችን ቀለም አማካይ ያደርጋል። ቀይና ጥቁር ግራጫ በዚህ ኮምፒውተር እኩል ብርሃን አላቸው። እማማ አንገት ሥር ባለው ጥላ አንዱን መስመር ቀይ፣ ቀጣዩን ጥቁር ግራጫ አደረግኳቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ መስመሮቹ ጠፉ። በቦታቸው ከ16ቱ ውስጥ የሌለ ደብዘዝ ያለ ቀላ ያለ ቡኒ መጣ። የጥላው ትክክለኛ ቀለም እሱ ነው። የድሮ ቴሌቪዥናችሁን አትጣሉ።

መጣል ያለበት ሌላ ነገር አለ። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ጥቁሩ የኃይል ምንጭ ሳጥን። በድፍን ሙጫ የተሞላ ስለሆነ ተከፍቶ አይጠገንም። ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት ያለበት መስመር ከ5 በላይ ይወጣና የማስታወሻ ቺፖቹን ያቃጥላል። ችግሩ ከሳጥኑ ውስጥ ስለሆነ ስታቢላይዘርም አያድናችሁም። ቁም ሳጥን ላይ ያላችሁ ካለ፣ እባካችሁ፣ በናፍቆት ብቻ ሶኬት ላይ አትሰኩት። አዲስ የኃይል ምንጭ አሠሩለት። ጋሼ ለኔ የሠሩልኝ እስካሁን ፍንክች አላለም።

ሌላው የጎንደር እውነት መብራት ነው። የተነሳው ምስል ማስታወሻው ላይ ብቻ እያለ መብራት ከሄደ የለም፤ ባልቴቷን እንደገና ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ምስሉን ገና ቀለም ሳልሰጠው ወዲያው ካሴት ላይ እቀዳዋለሁ። የካሴት ማጫወቻው ላስቲኩ ተቀይሮለት ደህና ይሠራል። በሰከንድ 50 ባይት ያህል ነው የሚጽፈው፤ አንድ ምስል ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከኋላው የኤስዲ ካርድ አስማሚ ስላለኝ በእሱም እደግመዋለሁ። ግን ካሴቱን አልተውኩትም። እማማም የምትወደው እሱን ነው። ሲንጫጫ ትሰማና «ይኼው እኔ ነኝ የምጮኸው?» ትላለች።

አሁን የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ሰምተዋል። ብዙዎቹ የተነቀሱ ናቸው፤ የአንዷ ንቅሳት ከሌላዋ አይመሳሰልም። አንዷ ጠይም ናት፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጥቁር። ለእማማ የቆመው ቁልፍ ለነሱ አይሆንም። ስለዚህ በቁልፉ ዙሪያ ከ0 እስከ 100 ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጥፈናል። በእያንዳንዱ ካሴት ሽፋን ላይ ከስማቸው ቀጥሎ የወሰኖቹን ቁጥር እጽፋለሁ፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደነበርና ስንት ሰዓት እንደነበርም እንዲሁ። በመጪው የማኅበር ቀን፣ ጠበሉ ተቀምሶ ካለቀ በኋላ፣ ካሜራውን እዚያው ቤት ይዤ እሄዳለሁ።